የዓይን ሞራ የሚገፈፍ ስብ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በግ ሲታረድ ከሆድ ዕቃው ላይ የሚነሣውን ስስ ስብ ሞራ እንላለን። የዓይኑንም ሕመም በዚሁ ስም ስለምንጠራው ብዙ ሰው በዓይን ላይ የተጋረደ ነገር ይመስለዋል፤ ኦፕራሲዮኑንም «ሞራ መገፈፍ» ይለዋል። እናቴም እንዲሁ ስታስብ ኖራ፣ «ገና አልበሰለም፣ ይቆይ» የሚላትን ሁሉ እየሰማች ሁለት ዓመት ቆየች። በመጨረሻው ክረምት ቡና የምትቀዳው የሲኒውን አፍ በሌባ ጣቷ እየዳሰሰች ነበር፤ ጣቷ በተቃጠለ ቁጥርም «ጭሱ ጋርዶኝ ነው» ትለን ነበር።

የሚደፈርሰው ከዓይን ብሌን በስተኋላ ያለው፣ በተፈጥሮው እንደ መስታወት የጠራ ሌንስ ነው። ስለዚህ በጠብታም ሆነ በቅጠል ጭማቂ አይጠራም፤ መውጣት አለበት። «ይብሰል» የሚለው ምክር ከቀድሞው አሠራር የተረፈ ነው። ዛሬ የሚታየው ሕመሙ የዕለት ሥራን ማወኩ ሲሆን፣ ያለ ልክ የቆየ ሞራ እየደደረ ኦፕራሲዮኑን ያከብዳል፤ አንዳንዴም የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ብርቱ ሕመም ያመጣል።

እናቴ ዋናው ፍርሃቷ «ዓይንሽን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» መባሏ ነበር። ዓይን ከቦታው አይነሣም። አስቀድሞ የደም ግፊትና ስኳር ይታያል፤ ዓይኑም ተለክቶ የሚተከለው ሌንስ ቁጥር ይወሰናል። ከዚያ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዝና ታካሚው የሐኪሙን ድምፅ እየሰማ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በሚሆን መክፈቻ፣ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ሲሠራ ደግሞ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ መክፈቻ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባለታል። አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያስፈልግም፤ ካልተወሳሰበም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዓይኑ የተሸፈነበት ፋሻ በማግሥቱ ሲነሣ ወዲያው የሚያይ አለ፤ ቀናት የሚወስድበትም አለ። ለማንበብ መነጽር ያስፈልግ ይሆናል። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ወይም ሌላ ሕመም አስቀድሞ የጎዳውን ዓይን ግን ይህ ሕክምና አይመልሰውም፤ ይህም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለቤተሰብ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

እኛ በሄድንበት ቦታ ይህን ያስረዳን አልነበረም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚጨመረውን ጠብታ ሰጥተው አሰናበቱን፤ ለሳምንታት ሳይቋረጥ እንደሚጨመር፣ ዓይኑ እንደማይታሽ፣ ውሃ እንደማይነካውና ከባድ ሸክም እንደማይነሣ የሰማነው ከአንዲት ጎረቤታችን ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም ዕይታው ከቀነሰ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መመለስ እንደሚገባ የነገረን የለም።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዚሁ በሞራ ነው። ለዓይን ሕክምና ከየገጠሩ ወደ ደሴና ቦሩ ሜዳ የሚመጡ ብዙ አረጋውያን ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ሕክምናው በሚሰጥባቸው ቦታዎች ሁሉ ወረፋ ለሚጠብቁት ይህ በቃል እንዲነገራቸው፣ የእናንተም ዝግጅት ክፍል የዓይን ሐኪሞችን ጠይቆ በሰፊው እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ