የሱቅ ሒሳብ በምን ዓይነት ዳታቤዝ ይቀመጥ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከመርካቶ እስከ ፒያሳ የዱቤ ደብተራቸውን ወደ ኮምፒውተር ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) የሚያዞሩ ነጋዴዎች በርክተዋል። ከሶፍትዌር ሠሪዎች አንዳንዶቹ ደግሞ «ሠንጠረዥ ያለው ዳታቤዝ ጊዜው አልፎበታል፤ በሞንጎዲቢ እንሥራላችሁ» ይሏቸዋል። ሞንጎዲቢ መረጃን በሠንጠረዥ ፈንታ በሰነድ መልክ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። ለሽያጭ፣ ለክምችትና ለዱቤ ሒሳብ ይህ ምክር አይበጅም።

ሠንጠረዥ ያለው ወይም ሪሌሽናል የሚባለው ዳታቤዝ የአይቢኤም ኩባንያው ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ደንበኛ፣ ዕቃና ሽያጭ በየራሳቸው ሠንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ የሚያያይዛቸው ቁልፍ የሚባለው መለያ ነው። ቁልፎቹ በደንብ ከተበጁ፣ በሌለ ደንበኛ ስም ዱቤ ሊመዘገብ ሲል ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል። በሞንጎዲቢ ግን ይህን ቁጥጥር ፕሮግራመሩ በየቦታው መጻፍ አለበት። አንድ ቦታ ከረሳ ባለቤት የሌለው ዕዳ ይፈጠራል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ነው። መጋዘን ውስጥ 5 ካርቶን ዘይት ቀርቷል እንበል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ቀሪውን አንብቦ፣ ቀንሶ፣ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ሁለቱም ሻጮች «5 አለ» ብለው ያነባሉ፤ 10 ካርቶንም ይሸጣል። ትክክለኛው መንገድ «ቀሪው ከ5 ካላነሰ 5 ቀንስ» የሚል አንድ ትእዛዝ ነው። ከትእዛዙ በኋላ የተለወጠ ረድፍ ከሌለ ሽያጩ ይቆማል። ይህ ቅነሳ፣ ደረሰኙና ዕዳው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መግባት አለባቸው፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ሦስቱም ይጸናሉ ወይ ሦስቱም ይሰረዛሉ። ፖስትግሬስ በተባለው ሪሌሽናል ዳታቤዝ ፍጥነት ለማግኘት ሲባል፣ መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን ኤፍሲንክ የተባለ ማስተካከያ የሚያጠፉ አሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ሙሉ ዳታቤዙን ሊያበላሽ ይችላል።

ሞንጎዲቢም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ብዙ ሰነዶችን በአንድ ትራንዛክሽን ይይዛል። ነገር ግን ሬፕሊካ ሴት (የአንድ መረጃ ቅጂዎችን የሚይዝ የሰርቨር ስብስብ) ሆኖ ካልተዋቀረ ይህ አይሠራም፤ በአንድ ማሽን ላይ እንዲሁ የተጫነ ሞንጎዲቢ ትራንዛክሽን የለውም።

ዳታቤዙ የትኛውም ቢሆን የእኛን አገር የሚመለከቱ ጥንቃቄዎች አሉ። ጥቅምት 30ን በቀን ዓምድ 30/2 ብላችሁ ብታስገቡ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ 13ኛዋ ጳጉሜን ጭራሽ አትገባም። ይህን ሸሽቶ ቀንን በጽሑፍ ዓምድ ማስቀመጥ ደግሞ የ30 ቀን ዱቤ መቼ እንደሚያበቃ ማስላትን ያበላሻል። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ስክሪን ላይ ሲወጣ ወደ እኛው ይቀየር። ስም ቁልፍ አይሁን፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። ለፍለጋ ሲባል ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዓምድ ይጨመር። ስልክ ቁጥር በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጥ፣ አለዚያ የ09 ዜሮ ይጠፋል። ብር ዴሲማል በሚባለው ትክክለኛ የአሥርዮሽ ቁጥር ዓይነት ይያዝ፤ ፍሎት በሚባለው ግምታዊ ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ። ማይኤስኪውኤል በተባለው ሪሌሽናል ዳታቤዝ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሥርዓት ይመረጥ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ደንብ) የገቡት የጉራጊኛ ፊደላት 4 ባይት ስለሚፈልጉ በአሮጌው ባለ 3 ባይት ዩቲኤፍ8 አይገቡም።

ሪሌሽናል ያልሆኑት ቦታ አላቸው። ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል የስልክ ማረጋገጫ ቁጥር፣ መረጃን በሜሞሪ ለሚይዘው ለሬዲስ የተመቸ ነው፤ ቢጠፋም ሌላ ይላካል። በየሴኮንዱ የሚጎርፍ የመኪና መገኛ መረጃ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ ለሚሠራው ለካሳንድራ ይስማማል፣ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ከታወቁ። እንደ ፍሪጅ ሊትርና ስልክ ሜሞሪ ያሉ ከዕቃ ዕቃ የሚለያዩ መግለጫዎች በአንድ ካታሎግ ሲገናኙ ግን ሌላ ዳታቤዝ መግዛት አያስፈልግም፤ እንደየዕቃው የሚለያይ መግለጫ የሚይዘው የፖስትግሬስ ጄሰንቢ ዓምድ ይበቃል። «መረጃችሁ ይበዛል» የሚለውም ማስፈራሪያ ለሱቅ አይሠራም፤ ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) በትክክል ከተሠራ ተራ ሰርቨር በሚሊዮን የሚቆጠር ረድፍ ይሸከማል።

ሶፍትዌር የምታሠሩ አንባቢያን፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በሙከራ መረጃ ሦስት ነገር አሠሩ። የትናንቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሌላ ማሽን ላይ ይከፈት። የመጨረሻዋ ካርቶን በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ትሸጥ፤ አንዱ «አልቋል» መባል አለበት። ሽያጭ እየተመዘገበ ሳለ የሰርቨሩ ገመድ ይነቀል። ሲነሣ ዕቃው ተቀንሶ ደረሰኙ ከጠፋ ገንዘቡን አትልቀቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በዳታቤዝ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ