የጤፍ ብረት ሁሉ ደም አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል። አንዳንድ ነፍሰ ጡሮች ይህን አምነው የታዘዘላቸውን የብረት ክኒን ይተዋሉ። በሥነ ምግብ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ነገሩ በጣም ስለሚያሳስበን ነው የምንጽፈው።

ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ሆኖም በላቦራቶሪ ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈርን ብረት ደግሞ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም። የእህሉን የራሱን ብረትና ዚንክም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዛቸዋል።

ይህን እስር የሚያላላው ሊጡ በደንብ መቡካቱ ነው። በእርሾ 2 ወይም 3 ቀን የቦካ ሊጥ ከፋይቴቱ ጥሩ ድርሻ ይቀንሳል። በቤኪንግ ፓውደር ተቻኩሎ በሰዓታት ውስጥ ምጣድ ላይ የሚወጣው እንጀራ ግን ዓይኑ ቢያምርም ፋይቴቱን ይዞ ነው የሚበላው። ባቄላና ሽምብራም ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ውኃው ቢደፋ ይሻላል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው ቡና ላይ ነው። በአንድ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ40 በመቶ ገደማ፣ ሻይ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ከተበላ ከ1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም እኩል ጎድቷል፤ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። እንግዲህ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ፤ ካልሆነ 2 ሰዓት ያህል ይቆይ። በጾም ወቅት ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሥጋ የእህልና የአትክልቱን ብረት ጭምር እንዲመጠጥ የሚያግዝ ነውና፣ እሱ ከገበታ ሲቀር የሚተካ አጋዥ ያስፈልጋል። አጋዡ ቫይታሚን ሲ ነው፦ ምስር ወጥ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከጎኑ ስንግ ቃሪያ ወይም የቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ። እሳት ቫይታሚኑን ስለሚያጠፋው ሎሚው ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይጨመር።

ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሌላ ሴት 18፣ አዋቂ ወንድ 8። ይህን ያህል ከምግብ ብቻ ማግኘት ለነፍሰ ጡር ከባድ ስለሆነ ክኒኑ የግድ ነው። በውኃ ይዋጥ እንጂ በሻይ፣ በቡና ወይም በወተት አይሁን። የካልሲየም ክኒን ካለም በሌላ ሰዓት ይወሰድ። ሰገራ መጥቆሩ ከብረቱ የመጣ ነው፤ ፈርቶ ማቋረጥ አያስፈልግም። ማቅለሽለሽ ካስቸገረ ከጥቂት ምግብ ጋር ወይም ማታ ሲተኙ መዋጥ ይቻላል። ክኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ ብዙ ከዋጡ ሊገድላቸው ይችላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች፣
አዲስ አበባ