ናስትሮ የተጠቀለለበት የስፒከር ገመድ ይቅርብን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ሳውንድ ሲስተም ሳከራይ 14 ዓመት አለፈኝ፣ ሰርጉም ምርቃቱም የወጣቶች ዝግጅቱም ያው እኛው ጋ ነው የሚመጣው። ስለ ገመድ ጫፍ ለጋዜጣ ይጻፋል ወይ የሚል አይጠፋም፣ ግን ጥር ላይ ያየሁት ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ሳቢያን ሰፈር አንድ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ፣ ሳውንዱ የሌላ ሰው ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ማይክ እንደያዙ አንድ ህፃን ሲሮጥ ገመዱ እግሩን ጠልፎት ወደቀ፣ ልጁ ተመስገን ምንም አልሆነም፣ ገመዱ ግን ስፒከሩ ላይ ከሚሰካው ጫፍ፣ ስፒኮን ከምንለው፣ ውስጥ ተመዞ ወጣና ሁለቱ ሽቦዎች ተነካኩ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አባቶች ያለ ድምፅ መረቁ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አሜን የሚለው የፊቱን እያየ ነበር። የሙሽራው እናት ፊት አሁንም ይታየኛል።

የሚሰራውን ልጅ ላግዘው ብዬ ስፒኮኑን ፈታሁት። አንዱ ሽቦ በሶስት ክር ብቻ ነው የተያዘው፣ የሌላኛው ቪቴ ጭራሽ አልጠበቀም፣ ገመዱን ከውስጥ አንቆ የሚይዘው ፕላስቲክ የለም፣ በሱ ፈንታ ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ የኛን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ማጣበቂያው ቀልጦ እጄ ላይ ቀረ።

ስፒኮን እኮ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ነው። ኒውትሪክ የሚባለው የሊክተንስታይን ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1987 ያወጣው ነው፣ ከዛ በፊት ጃክና ካኖን በሚባሉ ሌሎች መሰኪያዎች ነበር የሚሰራው፣ ጃክ አምፕሊፋየሩ በርቶ ሲሰካና ሲነቀል ሾርት ያደርጋል፣ ካኖኑ ደግሞ ከማይክ ገመድ ጋር ይምታታል። ስፒኮን ገብቶ ሲዞር ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ ብረቱም ለጣት አይጋለጥም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም ምክንያቱም 8 ኦም ስፒከር ላይ 1000 ዋት ሲወጣ ወደ 89 ቮልት ነው፣ ሰው ይይዛል።

ግን ጫፉ በደንብ ካልታሰረ ምን ዋጋ አለው። እኔ የምሰራው እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ የኋላውን ክዳን ገመዱ ላይ አጠልቃለሁ፣ ይቺን ረስቶ ሁሉን አስሮ እንደገና የፈታ ስንት ሰው አለ። ከዛ የውጪውን ጎማ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የውስጡን ወደ 8 ሚሊ ሜትር እልጣለሁ፣ አንድም ክር ሳይቆረጥ፣ በጥርስ አይላጥም ወንድሞቼ። ጠምዘዝ አድርጎ እስከ መጨረሻው አስገብቶ ቪቴውን በልኩ ካቻቢቴ ማጥበቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ይጠነክራል ብሎ ጫፉን ስታኞ፣ ያ ሽቦ ለመበየድ የሚቀልጠውን፣ ይቀባዋል። ስታኞ ለስላሳ ብረት ነው፣ ቪቴ ሲጫነው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ዛሬ የጠበቀው ቆይቶ ይላላል፣ የላላ ደግሞ ይግላል፣ ሲግል የባሰ ይላላል። ባዶውን መዳብ ማሰር፣ ወይ ጫፉ ላይ ተጠልቃ በፒንሳ የምትጨመቀዋን ትንሽ ቱቦ መጠቀም ይሻላል። ፖዘቲቩ ስፒኮኑ ላይ 1+ የተጻፈበት ጋ፣ ኔጌቲቩ 1− የተጻፈበት ጋ ይታሰራል፣ አንዱ ጋ ከተገለበጠ ድምፅ መውጣቱን ይወጣል ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤዝ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ባለቤቱም ስፒከሬ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ጋ ይሮጣል። በመጨረሻ ያ አናቂው ፕላስቲክ ይገባና ክዳኑ ይጠብቃል፣ የሚነክሰው የውጪውን ጎማ መሆን አለበት እንጂ ሽቦዎቹን አይደለም፣ ከዛ በሁለት እጅ ጎተት አድርጎ ማየት፣ ንቅንቅ ካለ እንደገና መፍታት።

ለአንድ ጫፍ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሙያ ኮሌጆቻችን ኤሌክትሮኒክስ ለሚማሩት ልጆች አንድ ከሰዓት ይሄንን ቢያሳዩዋቸው ደስ ይለኛል። ሰርግ የምትደግሱም ስንት ስፒከር አለህ ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ገመዱን አምጣ ብላችሁ ጫፉን እዩት፣ ናስትሮ ካያችሁ ቀይርልኝ በሉ።

አድራሻዬን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ገመዱን ይዞ መጥቶ መማር የሚፈልግ ልጅ ካለ ላኩልኝ፣ ክፍያ የለውም።

ሳውንድ አከራይ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ