ይድረስ ለአዲስ አበባ ከንቲባ ጽህፈት ቤት፦ ለእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሸክም ማሳረፊያ ይሰራልን

ጤና ይስጥልን። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምኖረውም ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ከእንጦጦ ባህር ዛፍና ቅጠል ተሸክመው ስለሚወርዱት እናቶች ጉልበት ላወራችሁ ነው። የተወሰኑት ከሸክም ወጥተው ሌላ ስራ እንደያዙ እናውቃለን፣ እሰየው ነው፣ ግን ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ቆም ብሎ ላየ ሰው የቀሩትም ብዙ ናቸው።

ሸክም ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ወገብ ነው፣ ጉልበትን የሚያነሳ የለም። ሰው ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ሲራመድ እንኳ በየእርምጃው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል፣ ደረጃ ሲወርድ ደግሞ ከ3 እጥፍም ያልፋል። እና 50 ኪሎ የምትመዝን እናት 30 ኪሎ እንጨት ስታዝል (ከዛ በላይም ይሸከማሉ) ጉልበቷ የሚችለው 80ውን ነው፣ ያውም ተባዝቶ፣ ያውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ቁልቁል። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ነው የሚሰራው፣ በያዘ ቁጥር የጉልበት ሎሚዋን ከጭን አጥንቷ ጋር ያጣብቃታል።

አጥንት እኮ ሲጫኑት ይጠነክራል፣ ግን ጊዜ ሲሰጡት ነው። መጀመሪያ የተጎዳውን ያፈርሳል፣ ከዛ አዲሱን ይተካል፣ መተካቱ ደግሞ ከሳምንታት እስከ ወራት ይፈጃል። በየቀኑ ያለ እረፍት ሲጫን ማፍረሱ ይቀድምና ቅልጥም ላይ ወይ የእግር ጣቶች በሚነሱባቸው ቀጫጭን አጥንቶች ላይ ስስ ስንጥቅ ይወጣል። በ1855 እ.ኤ.አ. አንድ የፕሩሺያ ጦር ሐኪም በእግር ብዙ በሚጓዙ ወታደሮች ላይ አይቶ የጻፈው ነው። እናቶቹ ግን ብርድ ነው ብለው በቅባት ያሹታል፣ በማግስቱ ይወጣሉ።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያመኝ አነሳሳቸው ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለእስሩ ትሰጥና ገመዱን በትከሻዋ አዙራ ደረቷ ላይ ትቋጥራለች፣ ከዛ ወደ ፊት ተንበርክካ ሁለት እጇን መሬት ላይ ተክላ ጓደኛዋ ከኋላ እየገፋችላት ትነሳለች። ጉልበት እንደዛ ታጥፎ ከነሸክም መነሳት ሜዳ ላይ ከመራመድ በጣም የከፋ ጫና አለው። ለዚህ ነው ደክሟቸውም መንገድ ላይ ቁጭ የማይሉት፣ ቁጭ ካሉ መነሳት አለ። የሰው ግንብ አጥር ነው የሚፈልጉት፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው እስሩን ጠርዙ ላይ ያሳርፉና ገመዱን ሳይፈቱ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። አጥሩ ከፍ ካለ ወይ ዘበኛው ካልፈቀደ በቃ፣ እንደተጎነበሱ ይቀጥላሉ።

የምጠይቃችሁ ያንን ግንብ ነው። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው መንገድ ዳር፣ አለፍ አለፍ እያለ፣ ከወገብ ዝቅ የሚል ሰፊ የድንጋይ መደብ። አንዱ የግድ ከተራራው አናት፣ እንጨቱ በሚታሰርበት ቦታ ይሁን፣ ከመሬት መነሳት እንዲቀርላቸው። ኔፓል ውስጥ በየተራራው መንገድ ቻውታራ የሚባል የድንጋይ ማሳረፊያ ከድሮ ጀምሮ አለ፣ ተሸካሚ ቅርጫቱን አስቀምጦ ያርፍበታል። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክን ለከፈተች ከተማ ይሄ ከባድ ወጪ አይሆንም። ጉልበትም ሲጫን ብቻ ሳይሆን ሲለቀቅ ነው የሚድነው፣ ካርቲሌጅ (መገጣጠሚያው ላይ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) የደም ስር የለውም፣ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው።

አብረዋቸው የሚወርዱት ልጆች አጥንታቸው ገና እያደገ ስለሆነ እነሱ ጭራሽ ባይሸከሙ ነው፣ ለእነሱ ማሳረፊያ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው የሚያስፈልጋቸው።

ግንባታው ሲታሰብ ቁመቱን ኢንጂነር ቢሮ ቁጭ ብሎ ባይወስነው ደስ ይለኛል፣ እናቶቹን ከነሸክማቸው አቁማችሁ ለኩ፣ መንገዱ የት ጋ እንደሚደክማቸውም እነሱን ጠይቁ። እኔም ለልኬቱ በፈለጋችሁት ቀን በነጻ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሽሮ ሜዳ ነዋሪ