ቦርከና ሽቅብ አይፈስም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ቆሻሻ ቅጣት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ከሁሉም ያንገበገበኝ ከፎቶው ስር ያለችው መስመር ናት፦ «የኮምቦልቻ ነዋሪዎች የጣሉት ፌስታል ቦርከናን ሞልቶት»። ማን ነገራችሁ? ፌስታሉ ላይ የቀበሌ መታወቂያ ተለጥፎ ነበር?

የቦርከና ወንዝ እኛ ጋ የሚደርሰው ደሴን አልፎ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,850 አካባቢ ነን። (የደሴ ዘመዶቼ እንዳትቀየሙኝ፣ እህቴም እዚያው ነው ያገባችው።) እኛ ንጹሕ ነን አላልኩም። ድልድይ ላይ ቆሞ የጫት ገረባውን ቁልቁል የሚደፋ ሞልቷል። ግን ክረምት ላይ ጎርፍ ጠራርጎ ያመጣውን ፌስታል የማን ነው ብሎ መለየት ለፖሊስም ያስቸግራል። ለእናንተ እንዴት ቀለለ?

ዘገባችሁ ወንዙ የቆሸሸው «ነዋሪው ስለማይቀጣ ነው» ይላል። ልክ ነው። ለምን እንደማይቀጣ ግን አልጠየቃችሁም። የሚጥል ሰው ሲመሽ ጠብቆ ነው የሚጥለው። ወይ ደግሞ ከሚኒባስ ላይ ሆኖ። ከደሴ ወደ እኛ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ሀይላንዱ በመስኮት ይወረወራል፣ ወድቆ ሳያበቃ መኪናው ተጠምዝዞ ሄዷል። ደንብ አስከባሪው በሩጫ ይከተለው? ጎረቤትም በጎረቤቱ ላይ አይመሰክርም፤ ነገ ለቅሶ አብረው ነው የሚቀመጡት።

ታዲያ የሚያዘው ማነው? የማይንቀሳቀሰው። እኔ! ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አንድ ጠዋት ስመጣ የማላውቀው ሰው ቆሻሻ በሬ ላይ ተከምሯል፣ አንድ ደንብ አስከባሪም ደረሰኙን ይዞ ቆሟል። «አንተ በር ላይ ነው የተገኘው» አለኝ። ከፈልኩ። ከዚያም ጠረግኩት፣ ደረሰኙ መጥረግን አይጨምርም መሰለኝ።

ፓርላማው በ2017 ያጸደቀው አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። እሺ ይሁን። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 513/1999 እኮ መንገድ ላይ መጣልን ሲከለክል፣ ከተሞች መጣያ ቅርጫት እንዲያቆሙም ያዝ ነበር። እኔ ሰፈር ቅርጫት ያየ ካለ ይጠቁመኝ፣ ሻይ እጋብዛለሁ።

ሚኒባስ ግን ታርጋ አለው፣ ረዳት አለው፣ መናኸሪያ አለው። ረዳቱ የቆሻሻ ከረጢት ቢይዝ፣ ከመኪናው ለተወረወረውም በታርጋው ቢጠየቅ ምን ይከብዳል? እስቲ ይህን ጠይቃችሁ ጻፉ። የፎቶውን መግለጫ ግን ዛሬውኑ አርሙልን።

አንድ የኮምቦልቻ ባለሱቅ