ቅሬያችንን ለቀቅ አድርጉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት የሴናተር ምርጫ የድጋሚ ቆጠራ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ሁለት ነገር አናደደኝ፤ አንዱ ስህተት፣ ሌላው ስድብ። ከስህተቱ ልጀምር፣ ስድቡ የትም አይሄድም።

ዘጋቢያችሁ ሴናተር ኖርም ኮልማን መቀመጫውን በፍርድ ቤት ተቀማ ይለናል። ዳኞቹ ሳይቆጠሩ የቀሩ 351 የፖስታ ድምፆች አስከፈቱ፣ የተፎካካሪው የአል ፍራንከን ብልጫ ከ225 ወደ 312 ከፍ አለ፣ ሰውዬው ተዘረፈ፣ አለቀ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ግን ወንድሜ፣ ፖስታ ይከፈትልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ደጅ የጠናው ማን ነው? ራሱ ኮልማን! ከሳሹ እሱ ነው። እንዲያውም በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲከፈቱለት ነበር የጠየቀው። ዳኞቹ ሕጉን ያሟላሉ ያሏቸው ተከፈቱ፤ 198 ለፍራንከን፣ 111 ለኮልማን፣ የቀረው ለሌሎች። ልዩነቱ 87፣ ያውም ለባላጋራው። ይህን ትታችሁ ተቀማ ማለት፣ ነጋዴ የራሱን ሚዛን አምጥቶ፣ ራሱ መዝኖ፣ ሲጎድልበት ሌባ ብሎ እንደ መጮህ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር ሳቁ ሸዋ በር ድረስ ይሰማ ነበር።

ጉዳዩ የቆየ ስለሆነ ትንሽ ላስታውስ። ምርጫው ጥቅምት 25 ቀን 2001 ነበር፣ በእነሱ ኖቬምበር 4 ቀን 2008። ወደ 2.9 ሚሊዮን ድምፅ ተሰጥቶ ኮልማን ድጋሚ ቆጠራው ሳይጀመር በ215 ይመራ ነበር። በግዛቲቱ ሕግ ልዩነቱ ያን ያህል ሲጠብ ድጋሚ መቁጠር ግድ ነው። ሰውዬው ግን በምርጫው ማግስት ወጥቶ አሸንፌያለሁ አለ። እኔ በፍራንከን ቦታ ብሆን ወደኋላ እል ነበር፣ ቆጠራው ለሕዝብም ወጪ ነው ሲልም መከረ። ደግ አሳቢ! ቀጥሎ ደግሞ የምርጫ ሠራተኞች በስህተት የጣሏቸው የፖስታ ድምፆች ይታዩ ሲባል፣ አይሆንም ብሎ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ከእነሱ ውስጥ 933ቱ ተቆጥረው ፍራንከን በ225 ሲመራ ግን፣ በእኛ የገና ዋዜማ ክስ መሠረተ። ምን ብሎ? ያልተቆጠረ ድምፅ አለ ብሎ! ሲመራ ወጪ የነበረው ቆጠራ ሲመራበት መብት ሆነ። ሰኔ 23 ቀን አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ እስኪፈርዱበት ድረስ፣ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሚኒሶታ በአንድ ሴናተር ቀረች።

ፍራንከን መልአክ ነበር እያልኩ አይደለም። አንድ መራጭ የእሱን ክብ አጥቁሮ «እንሽላሊት ሰዎች» የሚልም ጽፎበት ነበር፤ የፍራንከን ጠበቃ ይሄም ለእኛ ይቆጠር ብሎ ተከራክሯል። አልተሳካለትም።

አሁን ወደ ስድቡ። ዘጋቢያችሁ ይህን ሁሉ ትርምስ ከዘረዘረ በኋላ የክፍለ ሀገር እድር ምርጫ ይመስላል ብሎ ዘጋው። አንደኛ፣ እኛ ወሎ ቅሬ ነው የምንለው፤ ለመስደብም ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የቅሬ ምርጫ አይቶ ያውቃል? እኔ አይቻለሁ። ተሸንፌበታለሁም።

ለዳኝነት፣ ማለትም ለቅሬው መሪነት፣ ተወዳደርኩ። ወረቀቱ በወተት ቆርቆሮ ተሰብስቦ ሲቆጠር በአራት መራሁ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ፣ ሁለት ሳጥን ለስላሳ በዱቤ አስመጣሁ። ጎረቤቴ ይደገም ሲል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በወረቀት አይተማማም ወይ፣ ነውር ነው ብዬ ተቆጣሁ። (አዎ፣ ኮልማንን በደንብ የማውቀው ለዚህ ነው።) አንዲት እናት ወረቀቶቹን እያንዳንዳቸው በጣታቸው እያሹ ድጋሚ ቆጠሩ። የእኔ ወረቀቶች ላይ ተጣብቀው እንደ አንድ የታዩ የእሱ ወረቀቶች ወጡ፣ ሌላም የተሳሳተ ነበር፣ ብቻ በሁለት ተሸነፍኩ። ለስላሳው ተጠጥቷል። ባለሱቁ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር «ዳኛው» ይለኛል።

ክስ ልመሥርት? የት? በሦስተኛው ሳምንት የዚያው ጎረቤቴ እናት አረፉ፣ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ነገ ማን ማንን እንደሚቀብር በማይታወቅበት ማኅበር ስድስት ወር መካሰስ የሚባል ነገር የለም። ዘጋቢያችሁ ይህን ስለማያውቅ አይደለም የምናደደው፤ ሳያውቅ ማላገጫ ስላደረገን እንጂ። እናንተ ዘንድ ደሴ ስሟ የሚነሳው ወይ ጦርነት ሲሆን ወይ ቀልድ ሲያስፈልግ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ሐረጎ መንገድ ጽፌላችሁ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። አልወጣም። ምናልባት ቀልድ ስላልነበረበት።

እንግዲህ ማረሚያ አውጡ። ፖስታዎቹ የተከፈቱት ኮልማን ራሱ በመሠረተው ክስ መሆኑን ጻፉ፣ 87ን አትርሱ። እድር የምትለዋንም ቅሬ በሉልኝ።

ከደሴ፣
የቅሬው ጸሐፊ (ዳኛ ለመሆን ሁለት ድምፅ የጎደለው)