መብራት ሲመለስ የሚጋጨው አድራሻ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ውስጥ አንድ ዋይፋይ ለግቢው ተከራይ ሁሉ ማዳረስ የተለመደ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አንዱ ኮምፒውተር «የአይፒ አድራሻ ግጭት» (ሁለት መሣሪያዎች አንድ የኔትወርክ ቁጥር ሲይዙ የሚመጣ መልእክት) ይልና ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ሰው በእጁ የሞላው ቁጥር ራውተሩ ራሱ ከሚያድላቸው መካከል መሆኑ ነው፤ ራውተሩ ሲነሳ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ይሰጠዋል።

ስለዚህ አድራሻውን በእጅ ከመሙላት በፊት የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የዲኤችሲፒን ክልል (ራውተሩ በራሱ የሚያድላቸውን ቁጥሮች) ማየት ይገባል። የመጨረሻው ቁጥር ከ100 እስከ 199 የሆነ አድራሻ የሚያድል ከሆነ 192.168.1.210ን መምረጥ ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ፣ ከዚያ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «አይፒ አሳይንመንት» አለ። ኤዲት ብለው ወደ ማኑዋል ይለውጡ፣ አይፒ ቪ4ን (የተለመደውን የአድራሻ ዓይነት) ያብሩና የመረጡትን አድራሻ ይሙሉ። ሰብኔት ማስክ (የቤቱን ኔትወርክ ወሰን የሚያሳየው) 255.255.255.0፣ ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው) የራውተሩ አድራሻ (አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1)፣ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው) 8.8.8.8። ጌትዌዩ ከተሳሳተ የቤቱ ፕሪንተር ይሠራል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ዲኤንኤሱ ከተሳሳተ ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ድረ ገጽ አይከፍትም።

አድራሻን በእጅ መሙላት ፍጥነት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ አይጨምርም። ከቤት ውጭ የሚታየውን አድራሻም አይነካም።

ላፕቶፑ ፒያሳ ካፌ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በእጅ ከመሙላት ይልቅ ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (በመሣሪያው የራሱ መለያ) ቁጥር ማስያዝ ይሻላል። አለዚያ በእጅ የተሞላው አድራሻ ካፌው ዋይፋይ ላይም ከሠራ፣ ካፌው ሌላ የቁጥር ክልል ሲጠቀም ኢንተርኔት አያገኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር